የምሳ ሰዓት ልምምድ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እሱን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሁሉም «ካፖርት» ነው የሚለው። የመሥሪያ ቤቱን መረጃ የያዙት ትልልቅ ማሽኖች፣ ሰርቨሮቹ፣ ያሉበት ክፍል በረዶ ቤት ስለሚመስል፣ እሱም ቀኑን ሙሉ እዚያ ስለሚውል፣ ያ ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ ጥቁር ካፖርት ከላዩ ወርዶ አያውቅም። እኔን ደግሞ «ሹክሹክታ» ይሉኛል። ስብሰባ ላይ ስናገር አጠገቤ የተቀመጠው እንኳ «ምን አለች?» ብሎ ሌላውን ይጠይቃል።

አንድ ጠዋት አለቃችን ሰብስቦ የሰርቨሮቹ ክፍል ሊዘጋ መሆኑን ነገረን። መረጃው ሁሉ ወደ ክላውድ ይዛወራል፤ የት እንዳሉ እንኳ በዓይናችን ወደማናያቸው፣ በኢንተርኔት ወደምንከራያቸው ኮምፒውተሮች ማለት ነው።

«ፈተና ይኖራል» አለ። «ያለፈ ይቀጥላል። ያላለፈ…» እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

ለሥልጠና የሰጡን ቪዲዮ ማለቂያ አልነበረውም። ግማሹ ሰው ያዛጋል፣ ግማሹ ይተኛል። በዚያው ሳምንት ካፖርት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ሹክሹክታ፣ ምሳሽን የት ነው የምትበይው?»

«እዚሁ ነው። ቋጥሬ ነው የምመጣው።»

«ጥሩ። እየበላን በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር እንሥራ። ምሳ ሰዓት ሳያልቅ የሚያልቅ። ትልቅ ሥራ ያስፈራል፤ ትንሿ ግን ነገም ነይ ትልሻለች።»

«እርስዎ እኮ ከኔ ይበልጣሉ፣ እኔ ምን…»

«እርስዎ ማለቱን ተዪው። ለካፖርት አንተ ይበቃዋል።»

እንዲህ ጀመርን። ወደ ቤት ስንወጣ ደረጃው ላይ የነገውን ይነግረኛል። አንድ ቀን «ሰላም» ብቻ የሚል ገጽ ክላውዱ ላይ ማቆም። በማግሥቱ ፎቶ የሚቀመጥበት ቦታ ከፍቶ፣ ከአንድ ሰው በቀር ለሁሉም መዝጋት። ሌላ ቀን ደግሞ አንዷ ማሽን ስትወድቅ ሌላዋ ተነሥታ እንድትተካት ማድረግ። ሁሉም በጽሑፍ ትእዛዝ ነው። ስክሪኑ ላይ ምልክት ፈልጎ መጫን ክልክል ነው።

«በማውስ ብጫነው እኮ ይቀላል» አልኩት።

«የተጫነ ይረሳል። የተጻፈ ግን ፈርሶም መልሶ ይቆማል። በይ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ጮክ በይ።»

ሌላው ሕጉ፣ ሳታፈርሺ አትነሺ የሚል ነበር። የሠራሁትን ሁሉ ከወንበሬ ሳልነሣ አጠፋለሁ። «ሳይፈርስ ያደረ ማሽን ሳይዘጋ የተተወ ቧንቧ ነው» ይላል። «አንቺ ቤትሽ ገብተሽ ትተኛለሽ፣ እሱ ሲፈስ፣ ኪራዩም ሲቆጥር ያድራል።»

ሳነብለት ዓይኑን ይጨፍናል። ሲገልጠውም ፊቴ ላይ አርፎ አያውቅም። ሲያናግረኝ ከጆሮዬ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚያየው፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል። ቆንጆ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ምሽት ቤት መስተዋት ፊት ቆሜ ጆሮዬን ደህና አድርጌ አየሁት። ምንም አልነበረበትም።

አርብ አርብ የመሥራቱ ተራ የእሱ ነበር። አንድ ሰኞ የክላውዱን ገጽ ስከፍት የአርብዋ ማሽን ከነነፍሷ አለች፤ ከስሟ አጠገብ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ናት።

«የማፍረስ መምህሩ ራሱ ሳያፈርስ ሄዷል» አልኩ። ስቀልድበት የመጀመሪያዬ ነበር።

ጎንበስ አለ። አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«አጥፍቻታለሁ እኮ። ቀይ ናት።»

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«አረንጓዴ ናት?»

«አዎ።»

የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ምሳ ክፍሉ ውስጥ ብርድ አልነበረም።

«መሐሉ ጠፍቷል» አለ። «ዳር ዳሩን ነው የማየው። ሐኪሙ ዳሩም እየተበላ ይሄዳል፣ የሚመልሰው ነገር የለም ብሎኛል። ፊደል ለማየት ከፊደሉ ጎን ማየት አለብኝ። ፊትሽን ለማየት ደግሞ ጆሮሽን።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ለካ እያየኝ ነበር።

«ለምን እኔን መረጥክ?» አልኩ በመጨረሻ።

«አንቺን ለመስማት ሰው ዓይኑን መጨፈን አለበት። ስብሰባ ላይ ሞከርኩት። ስጨፍን ጨለማው የማያስፈራኝ አንቺ ስትናገሪ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳዬን ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ፤ በሚያይበት በኩል። ለአለቃችን እንንገረው ስለው ግን ፊቱ ይጠቁራል።

«አዝነውልኝ እንዲያሳልፉኝ ነው? ትእዛዞቹን ጣቴ ያውቃቸዋል። ለማንም አትንገሪ።»

የፈተናው ቀን ጥያቄዎቹ በደቃቅ ፊደል ስክሪኑ ላይ መጡ። ጣቱ መልሱን ያውቃል፤ ጥያቄውን ግን ማን ይንገረው። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ጭንቅላቱ ከመስመር መስመር ሲንፏቀቅ፣ ቦታው ሲጠፋበት፣ እንደገና ከላይ ሲጀምር አየሁ። ሌላው ሰው ጨርሶ ሲወጣ እሱ ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበር።

«ላንብብለት» አልኩ ተነሥቼ። «ስክሪኑ አይታየውም።»

ዕድሜ ልኬን ያልወጣ ድምፅ ያን ቀን ወጣ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። አለቃችን እኔንና እሱን ተራ በተራ አየን፤ «ፈተናው የግል ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። ካፖርት የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጁ እየዳበሰ ወጣ።

በኋላ የሰርቨሮቹ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ሠራተኞች ማሽኖቹን እየነቀሉ በጋሪ ያወጣሉ። ያ ሁልጊዜ የሚያጉረመርም ክፍል ጭጭ ብሏል።

«ጮክ በይ ያልኩሽ ለዚህ አልነበረም» አለ።

«አላስቻለኝም።»

«አውቃለሁ።» ወደ ጆሮዬ ሳይሆን ወደ ወለሉ ነበር የሚያየው። «እኛም ልምምድ ነበርን፣ ሹክሹክታ። ትንሽ ነገር ሠራን። አሁን አፍርሰን እንነሣ።»

ድምፄ እንደገና ጠፋ። እሱ ፈተናውን ወድቆ ወደ ታላቅ እህቱ ቤት ገባ፤ እኔ ፈተናውን አለፍኩ። ባልደረቦቼ እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ አመሰግናለሁ እላለሁ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የቋጠርኩትን ሳልፈታ ይዤው እመለሳለሁ። እማዬ ያልተፈታውን ቋጠሮ ብዙ ቀን አየች። አንድ እሑድ ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እህቱ ቤት ልሄድ።»

እማዬ የያዘችውን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰች።

«እኔ ስሞት ይቺን ዓይናፋር ማን እጇን ይዞ ያሻግራታል እያልኩ አላልቅም? አንቺ ጭራሽ እጁን ይዘው የሚያሻግሩት ሰው መረጥሽ።»

«እማዬ…»

«መቼ ከለከልኩሽ። አለቀስኩ እንጂ።» ፊቷን አዙራ ወደ ማድ ቤት ገባች። ስወጣ በሩ ላይ ምሳ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ የሁለት ሰው ነበር።

እህቱ በር ስትከፍት ፊቷ የደከመ ነበር። «ተቀምጦ ይውላል» አለችኝ። «ካፖርቱን እንኳ አላወልቅም ብሏል፣ በዚህ ሙቀት።»

መስኮቱ አጠገብ ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

«ማን ነው?»

«የዛሬው ልምምድ የወደቀችውን ማሽን ማንሣት ነው» አልኩ።

«አፍርሰን አልነበር የተለያየነው?»

«አፍርሰናል። ትእዛዙ ግን እኔ ዘንድ ነው፤ የተጻፈ ፈርሶም መልሶ ይቆማል ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ሹክሹክታ፣ ወደፊት ምን እንደሚመጣ አታውቂም።»

«አውቃለሁ። ነግረኸኛል። አሁን ላንብብ?»

መልሱን ሳልጠብቅ ማንበብ ጀመርኩ፤ እህቱ ማድ ቤት ሆና እስክትሰማ ድረስ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ «ተሳስተሻል፣ እዚያ ላይ አንድ ቃል ዘለልሽ» አለ፣ ካፖርቱንም ከላይ ጀምሮ መፍታት ጀመረ።

ተጋባን። ሥራ ግን ለእሱ አልተገኘም፤ የሚቀጥረው ሁሉ በስልክ ያደንቀዋል፣ ፊት ለፊት ሲያየው ያዝንለታል። ያ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ካፖርቱን ቆልፎ ይቀመጣል። በእነዚያ ቀናት እንኳ የነገውን ልምምድ መምረጡን አልተወም። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አነብለታለሁ፣ አፍርሰን እንነሣለን።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እያነበብኩለት ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮዬን አልነበረም። ፊቴን፣ ቀጥ ብሎ ዓይኔ ውስጥ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ለቅጽበት ልቤ ሞቀ፤ ፈገግ አልኩለት።

እሱ ፈገግ አላለም። ያኔ ገባኝ። ዳሩም አልቋል።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«መስመሩ ጠፍቶብኝ ነው።»

«ፈልጊው» አለ፣ እጄን እስኪያገኘው በእጁ እየዳበሰ። «ጮክ በይ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩ።