ባለቤት ያጣ ድምፅ

ወደ አራተኛው ክፍል የሚገባ ሰው ብረት የተባለውን ሁሉ በር ላይ አራግፎ ነው። የቀበቶ ዘለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ ከእጅ አንጓ የማይለየው መጥሪያ ሳይቀር በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ኪሳቸው ውስጥ የረሱት ቁልፍ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ ሰውየውም ስቀው ሌላ ቁልፍ አስቀረጹ። በአሉቶ ከተማ እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ከተራራው ሆድ በሚወጣ እንፋሎት ነው የምትኖረው፤ ኃይል እንደ ውሃ ይፈስባታል፤ ነዋሪዎቿም አእምሯቸው ሲከብዳቸው ራሳቸውን ለማግኔት መስጠትን ጥርስ እንደ ማስነቀል ለምደውታል።

አስራደ በልሁ በዚህ ክፍል ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆብ ቃኝቷል። ቆቡ ጣት የማያህሉ አርባ ስምንት የሽቦ ጥቅሎች የተደረደሩበት የራስ ክዳን ነው። ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲያልፍባቸው ማግኔታዊ ምት ይወለዳል፤ ምቱ ቆዳም አጥንትም ሳይጎዳ ዘልቆ አንዱን የአንጎል ሥፍራ ይቀሰቅሳል፣ ሌላውን ያበርዳል። አንዷ ጥቅል ከቀደመች ወይም ከዘገየች ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ አስራደ በየማለዳው እንደ በገና ደርዳሪ ጆሮውን አዘንብሎ የጥቅሎቹን ጠቅታ ያዳምጣል፣ ያጠብቃል፣ ያላላል። በሙያው የሚስተካከለው አልነበረም።

በጥቅምት መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ታካሚ ግን የገዛ ልጁ ነበረች።

ሐመልማል ሃያ ዓመቷ ነው። የውሃ ምሕንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች መጀመሪያ ከጓደኞቿ ራቀች፤ ቀጥላ ክፍል መግባት ተወች። ቤት ውስጥ ያሉትን ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ጨርቅ ጠቀጠቀችባቸው። ራሷ ቀቅላ ከላጠችው እንቁላል በቀር ምግብ አልቀምስ አለች። አባቷ ለምኖ ለምኖ ሲጠይቃት፣ ከግራ ትከሻዋ ኋላ ሆኖ የሚያናግራት እንዳለ ነገረችው። የወንድ ይሁን የሴት አይለይም፤ አይጮህም፤ ብቻ አያርፍም።

አራተኛው ክፍል የሚገኝበት የሕክምና ማዕከል ሐኪም ዶክተር ለሊሴ መርምራት ስኪዞፍሬንያ መሆኑን፣ ደግነቱ ገና በጅምሩ እንደተደረሰበት ነገረችው። ሦስት ወር መድኃኒት ተሞከረ። ሐመልማል አበጠች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ቀኑን ሙሉ ተኛች፤ ድምፁ ግን እሷ በነቃች ቁጥር አብሯት ይነቃ ነበር። ከዚህ በኋላ የቀረው ቆቡ ብቻ ሆነ። በሽታው ደጃፍ ላይ ሳለ ካልተመለሰ ገብቶ ቤት ሠርቶ እንደሚቀመጥ ዶክተር ለሊሴ ሳትሸሽግ አስረዳችውና የሠላሳ ቀን ሕክምና አዘዘች።

ድምፁ ምን እንደሚል አስራደ ፈርቶ ሳይጠይቅ ቆይቶ ነበር። በሕክምናው ዋዜማ ሐመልማል ራሷ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል ነገረችው።

«ስለ እማዬ ነው። አባትሽ ሰምቶ ነው የቀረው ይለኛል።»

አስራደ በሽታ የሚለፈልፈው ነገር እውነት አይደለም ብሎ አጽናናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሚስቱ ዘነበች የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ደረቷ ላይ የለጠፈችው መሣሪያ ልቧ ምቱን ሲስት የባሏን መጥሪያ እንዲያነዝር ተደርጎ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሳለች ልቧ ቆመ። አስራደ አራተኛው ክፍል ውስጥ እንደነበረ፣ መጥሪያው በር ላይ በሳጥኑ ውስጥ ስለነበር እንዳልሰማ ተናገረ። ለቀስተኛው ሁሉ አመነው፤ ምን ታደርግ፣ ሥራህ ነው ብሎ አጽናናው። እውነቱ ግን መጥሪያው የነዘረው ገና እጁ ላይ ሳለ ነበር። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ በከንቱ ነዝሮበት በሩጫ ቤት ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ታካሚ እየጠበቀው ነበር። ይኸም እንደዚያው ነው ብሎ ፈታና ሳጥኑ ውስጥ ጣለው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ መጥሪያው ዝም ብሎ ነበር። ይህን ለነፍስ አባቱ እንኳ አልተናገረም።

እንግዲህ ቆቡን ለልጁ ሲቃኝ ልጁን ማዳን ይሻል፤ ያን ድምፅ ጸጥ ማሰኘትም ይሻል። የትኛውን አስቀድሞ እንደሚሻ ራሱም አጥርቶ አላወቀም።

በየቀኑ ጠዋት ሐመልማል ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ የሚመጡትን ቃላት በልቧ ታነባለች። ቆቡ አንጎሏን እየተከታተለ፣ ድምፁ ብቅ ባለ ቁጥር የሚሰማበትን ሥፍራ በምት ያበርዳል። በዘጠነኛው ቀን ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጨርሶ ጠፋ። አስራደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሰው እንዳይሰማው አፉን በእጁ ይዞ አለቀሰ።

በማግስቱ ቤት ሲገባ ልጁን ብርጭቆ ይዛ ቧንቧው ፊት ቆማ አገኛት። ውሃ ልትቀዳ መጥታ ለምን እንደመጣች ጠፍቷት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም። አስቀምጦ ምን ሆንሽ ሲላት ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች መለሰችለት።

«ዝም ብሏል፣ አባዬ። ግን እኔም የለሁም። ሳስብ የማወራበት ነገር ጠፍቶብኛል። ሳነብ ቃሉ ውስጤ አይሰማም። ባዶ ቤት ሆኛለሁ።»

ዶክተር ለሊሴ ነገሩን ስትሰማ ብዙ አልተገረመች። ሰው ለራሱ የሚያወራበትና ሐመልማል ድምፁን የምትሰማበት ሥፍራ ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ አንድ ቤት እንደሆኑ፣ አንዱን አብርዶ ሌላውን ማስቀረት እንደማይቻል ገለጸችለት። ሕክምናውን ለጊዜው ማቆም ይሻላል አለች። አስራደ ግን ለመናት። ጅምር ሥራ ነው፣ ልጄ ትለምደዋለች፣ ድምፁ ከሚመለስ ይህ ይሻላል እያለ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዶክተር ለሊሴ የአባት ጭንቀት መሰላትና ሦስት ቀን ጨመረችለት። እሱ ግን ከጭንቀቱ በታች ያለውን ያውቅ ነበር፤ በዚያች ቀን የገዛ ፊቱን በመስተዋት ማየት ጠላ።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት መሬት ተንቀጠቀጠ። አሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ ያሳልፈዋል እንጂ ከተቀመጠበት አይነሣም። አስራደም ቆቡን ከመንቀጥቀጡ በፊት ቃኝቶ ስለነበር ዳግመኛ አልነካውም። ሐመልማል ተቀመጠች፤ ጥቅሎቹ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመሩ። ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ማን ነው የተናገረው?» አለች። ወደ ግራ ትከሻዋ ዞር አለች። ቀስ ብላ ተመለሰች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ እንዴ?»

አስራደ ማሽኑን አጠፋ። ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀበትም። የጥቅሎቹን ጊዜ የሚጠብቀው የማሽኑ አካል በመንቀጥቀጡ ተሰንጥቆ ምቱን በዐሥራ ዘጠኝ ሺኛ ሰከንድ አስቀድሞታል። ምቱ ድምፁ ላይ አላረፈም፤ ከድምፁ ፊት ቀድሞ ነው የደረሰው።

ዶክተር ለሊሴ የሐመልማልን አንጎል ቅጂ ደጋግማ አየች። ጤነኛ አንጎል ለራሱ ከማውራቱ በፊት፣ ተናጋሪው እኔው ነኝ የሚል ማሳወቂያ ለጆሮ ሥፍራው ይልካል፤ የእኔነት ምልክት ብላ ጠራችው። በዚህ በሽታ ምልክቱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ሰው የገዛ ሐሳቡን እንደ ባዕድ ድምፅ ይሰማዋል። የተሳሳተው ምት ምልክቱ በጠፋበት ቦታ ገብቶ ተተክቶለታል። «ድምፁን አልገደልነውም» አለች ለአስራደ። «ባለቤቱን ነው ያገኘንለት።» ሆኖም አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ደንቡ ስሕተት ሲገኝ ማረም ነው። ማሽኑ እንዲስተካከል አዘዘች፤ እስከዚያው ሐመልማል በማዕከሉ ተኝታ፣ ጠባቂ ሳይለያት እንድትቆይ አደረገች።

ጠባቂው አስፈላጊ ነበር። ሐመልማል ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ድምፁ ለዓመት ያላት ሁሉ አሁን የራሷ ሐሳብ ሆኖ ተቆልሎባታል። የሚሰድባት እሷ፣ ሙቺ የሚላትም እሷ። ሌላ ሰው ሲሆን መሸሽ ነበረ፤ ከራስ ወዴት ይሸሻል? አስራደ በመስኮቱ መስታወት አያት። ጉልበቷን አቅፋ ትወዛወዛለች። እጁ ላይ መቃኛው ነበር። አንድ ጊዜ ቢያዞረው ዐሥራ ዘጠኟ ሺኛ ትስተካከላለች፤ ልጁም ዝም ትላለች፤ እሱንም የሚከስሰው አይኖርም። ደንቡም የሚያዘው ይህንኑ ነው።

ሊያዞረው አራተኛው ክፍል ድረስ ሄደ። «እኔም የለሁም» ያለችው ታወሰው። መቃኛውን አስቀምጦ ወደ ልጁ ክፍል ገባና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ አባዬ» አለች። «እማዬ ከሞተች ጀምሮ ስለ አንተ ሳስበው የኖርኩት ነው። አስቤዋለሁ ማለት አፍሬ ነው መሰለኝ እንደዚያ የራቀኝ። ይቅር በለኝ።»

ይህን ጊዜ አስራደ ዝም ቢል ነገሩ በይቅርታ ባለቀ ነበር። አቅፎ ቢስማት በበቃ ነበር።

«እጄ ላይ ሳለ ነዝሮ ነበር» አላት። «ሰምቼው ነበር። በከንቱ ነው ብዬ ፈትቼ አስቀመጥኩት።»

ሐመልማል አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ውጣልኝ አለችው። ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ልጁ ጠባቂዋን እህል አምጡልኝ ማለቷን የነገሩት እዚያው ተቀምጦ ሳለ ነው።

ሕክምናውን በተሳሳተው የምት ጊዜ ለመቀጠል የጠየቀችው ሐመልማል ራሷ ናት። ዶክተር ለሊሴን፣ ዝም ብታሰኙት እኔንም ዝም ታሰኙኛላችሁ አለቻት፤ በፊርማዋም አጸናችው። ዶክተር ለሊሴ ለማዕከሉ ቦርድ ጽፋ፣ ተከራክራ፣ አስፈቀደች። የቀሩት ቀናት ሕክምና ምቱ በዐሥራ ዘጠኝ ሺኛ እየቀደመ ተፈጸመ።

ዳነች ማለት አይቻልም። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የእኔነት ምልክቱ ይጠፋና ድምፁ ተመልሶ ከትከሻዋ ኋላ ይቆማል። ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና፣ ይህ የማን ነው ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ አንዳንዴ መልሱን ታገኛለች፣ አንዳንዴ አታገኝም። ትምህርቷን በግማሽ ጀምራለች። ከአባቷ ቤት ወጥታ አክስቷ ዘንድ ገባች። እሱን የምታየው በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሕክምና ስትመጣ ነው፤ ቆቡን ሲያጠልቅላት አንገቷን ዘንበል ታደርግለታለች፤ ብዙ አያወሩም።

በመጋቢት ዶክተር ለሊሴ የእኔነት ምልክት በጤነኛ ሰው ላይ ምን እንደሚመስል ማወዳደሪያ ፈለገች። አስራደ ወንበሩ ላይ ወጣ። ምት ሳይኖር፣ ቆቡ አንጎሉን ብቻ እየተከታተለ፣ ግማሽ ሰዓት ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሲጨርስ ሐመልማል ተራዋን ልትጠብቅ ገብታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

ዶክተር ለሊሴ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ አነበበች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ውስጡ ተናግሯል። ማሽኑ ድምፅ እንጂ ቃል አይለይም፤ ምን እንደተባለ አይታወቅም። ምልክቱ ግን አንዱም ሳይጎድል በሁሉም ላይ አለ። «ጤነኛ ነዎት፣ አቶ አስራደ» አለችው። «ሁሉም የራስዎ ነው።»

«አዎ» አለ። «የራሴ ነው።»

ከወንበሩ ወርዶ ለልጁ ቦታ ለቀቀላት። ሐመልማል ግን አልተቀመጠችም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ታይ ነበር።

«ያንተም እንዲህ ያወራል?»

«አያርፍም።»

«መጥፎም ይናገራል?»

አስራደ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ቁጥሩን እንደገና አየችው። «እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ ነበር» አለች፤ ከዚያም ተቀመጠች።