አሮጊቷና ሙሽራዋ

«እስቲ አሳዪኝ፣ የኔታ እንዴት ሆነው ወጡ?» አለች ሶልያና፣ በዘመናይ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ።

ዘመናይ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ደግማ ተጫነች። አሁን ትንንሽ ነጭ ፊደላት ወጡ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ለእሱ ግን የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ከበቂ በላይ ነው። ምንም ፎቶ የለም ይላል። ጥጉ ላይ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ያልጠፋች ቀይ ምልክት አለች። ፀሐይ ላይ ሆና ስታያት የባትሪ ምልክት መስላት ነበር። አሁን ግቢው ውስጥ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ስታያት ግን ባትሪ አይደለችም፤ ጭረት የተሰመረባት የሚሞሪ ካርድ ሥዕል ናት።

ከሥር ያለችውን ክዳን ከፍታ ጣቷን ሰደደች። የሚሞሪው ቦታ ባዶ ነው።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ምነው?» አለች ሶልያና።

«የለም።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ጥምቀቱ፣ የክርስትና እናቷ፣ ማተቡ ሲታሰር። የኔታም የሉም።»

ከሁሉም የከፋው ይኸው የመጨረሻው ነበር። የኔታ የኋላሸት የሶልያና አያት ናቸው፤ እዚህ ይጁቤና አካባቢው ያለ ቄስ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። ዓይናቸው ሳይደክም በፊት ካሜራ የያዘ ሰው ሲመጣ ፊታቸውን በጋቢ ይሸፍኑ ነበር አሉ። ከጥር ወዲህ ደግሞ ታመው ከአልጋ አልወረዱም። ዛሬ ግን የሶልያና እህት የሥራነሽ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ወለተ ሚካኤል ስትባል፣ ሽማግሌው «ለዚች ልጅ ስል አንድ ጊዜ እነሣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ቤቱን ሁሉ አስደነቁ። የልጅቱ አባት አለበልና አንድ ጎረቤት ደግፈው ደጅ አወጧቸው፤ ጥምጥማቸውን ጠመጠሙ፣ ካባቸውን ደረቡ፣ ሕፃኗን ታቀፉ። «ቀኑ ይጻፍበታል?» ብለው ጠየቁ፤ «አዎ የኔታ» አለች ዘመናይ። «መልካም። ቀን የሌለው ነገር ወሬ ነው» አሉ። ብልጭ አለ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ከዚያ የኔታ ላብ እያጠመቃቸው ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ያ ሁሉ ድካም የት እንደገባ የሚያውቁት እንግዲህ ዘመናይና ሶልያና ብቻ ናቸው።

ጥፋተኛዋ ማን ናት? እሷው ናት። ወንድሟ የሺዋስ ደብረ ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት አለው። እሑድ ጉርድ ፎቶ የሚነሣ ተማሪ ስለሚበዛበት ከሱቁ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ አንዳንዴ ክርስትና ለእሷ ይሰጣታል። ከስቱዲዮው ካሜራ ሌላ ኪስ የሚገቡ ሁለት ትንንሽ ካሜራዎች አሉት። አንዷን አሮጊቷ ይላታል። ጥግ ጥጓ የተላጠ ናት፣ ሁለት የሬዲዮ ድንጋይ ትበላለች፣ የድንጋዩ ክዳን ስለተሰበረ በላስቲክ ታስራለች። ሁለተኛዋ በቅርቡ ከካርቶን የወጣችው ናት፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ። እሷን ሙሽራዋ ይላታል።

ጠዋት ሲሸኛት «አሮጊቷን ያዢ። አዲሷን ገና አልለመድሻትም» ብሏት ነበር። እሺ ብላ፣ ዞር ሲል ሙሽራዋንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ለራሷ የሰጠችው ምክንያትም አላት። አሮጊቷን የሺዋስ የአገራችንን ቀን አስተምሯታል፤ ችግሩ ፈረንጆች ስለሠሯት፣ የካቲትን በእነሱ ፌብሩዋሪ ቦታ ሲሞላባት ሃያ ስምንት ላይ ያለቀ ይመስላታል። የካቲት ሃያ ዘጠኝን መጋቢት አንድ ትለዋለች፣ ጳጉሜ ሲመጣማ ጭራሽ ታብዳለች፣ እሱም በየወሩ መባቻ ያስተካክላታል። ዛሬ የካቲት ሠላሳ ነው። ስለዚህ አሮጊቷ ቀኑን ማሳሳቷ አይቀርም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሶልያና ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ናት፤ ለመማር ማርቆስ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሳምንቱን ሙሉ ለቤተሰቧ «ጓደኛዬ ፏ ያለ አዲስ ካሜራ ይዛ ትመጣለች» ስትል ከርማለች። ላስቲክ የታሰረባት ካሜራ አውጥታ ሰው ሙድ ሲይዝባት ለዘመናይ ገና ከጠዋቱ ታይቷት አፍራ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስልኳ ጮኸ። የሺዋስ ነው።

«ዘሙ፣ የአዲሷ ሚሞሪ እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። ይዘሻት የወጣሽ መስሎኝ ክው ብዬ ነው የደወልኩት። አሮጊቷን ነው የያዝሽው አይደል?»

አሮጊቷ ቦርሳ ውስጥ አለች። ውሸት እንኳ አይባልም።

«አዎ።»

«እንኳን! ጎበዝ። በርቺ በይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያቺ «ጎበዝ» ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረች።

ሶልያና ክንዷን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተቻት። «ስሚኝ። ማንም አያውቅም። ዝም ብለሽ ማንሣትሽን ቀጥዪ፣ ብልጭ ብልጭ አድርጊላቸው። ነገ ኮምፒውተሩ ላይ ቫይረስ በላው እንላለን።»

«የሚጠይቁት የሺዋስን ነው።»

«ይጠይቁት! እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ የሚለው አያጣም። እኔስ? እህቴን አታውቂያትም፤ ይቺን ጉድ ብትሰማ ለፋሲካም ቤት አታስገባኝ።»

«የአሮጊቷን ሚሞሪ እዚህች ውስጥ…»

«አስገቢዋ!»

«አትገባም። የድሮ ናት፣ ሰፊ ናት።»

«እንግዲያ ያልኩሽን አድርጊ። ተለመኚኝ።»

በዚህ መሃል ሥራነሽ ከዳሱ «ፎቶ አንሺዋ! ነይ እንጂ፣ ዘመዶቼ እየጠበቁሽ ነው!» ብላ ተጣራች።

ሄደች። ምን ታድርግ? ሙሽራዋን ዓይኗ ላይ ደቅና መጫን ጀመረች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አንዷ ልጇን በምራቋ ፊቱን ጠረገችው። ሽማግሌዎቹ የጠላ ዋንጫቸውን ከፎቶ ውጭ አስቀምጠው ኮስተር አሉ። ብልጭ። «ደግመሽ፣ ደግመሽ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ» ብልጭ። ባዶ ነገር ለሰው ማደል እንዲህ እንደሚያደክም አታውቅም ነበር። ስልክ የያዙ ሁለት ጎረምሶች እዚያው ነበሩ፤ እነሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሚያነሡት የገዛ ፊታቸውን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ልታመልጥ ዘወር ስትል አንዲት አሮጊት እጇን ያዟት። እማማ ማሬ ናቸው፣ የየኔታ ታናሽ እህት፤ ከደምበጫ ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ወንድሜን ቅድም ያነሣሽውን ለእኔም አንድ አሳትሚልኝ እሺ? የሱ ምስል የለኝም። እንግዲህ ደግመን እንገናኝ አንገናኝ የሚያውቀው እግዜር ነው።»

«እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አለ። እማማ ማሬ እጇን መታ መታ አድርገው ለቀቋት፤ እሺ ያለቻቸው መስሏቸዋል።

ዘመናይ ወደ ዛፉ ሄደች። ሙሽራዋን አጥፍታ ቦርሳው ሥር ከተተቻት። አሮጊቷን አወጣች። ላስቲኩን አጠበቀች፣ ከፈተቻት፤ አሮጊቷም እንደ ልማዷ ጥርሷን እያፋጨች የሌንስ አፍንጫዋን አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሶልያና። «ዘመናይ! እብድ ነሽ?»

አልፋት የኔታ ወደተኙበት ክፍል ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ብርሃን የሚያገኘው ከበሩ ብቻ ነው። ሥራነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። የኔታ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፣ ጥምጥማቸው ወልቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«የኔታ» አለች። «ቅድም ያነሣሁዎት ፎቶ የለም። ካሜራዋ ሚሞሪ አልነበራትም፤ ሳላይ ነው ይዣት የመጣሁት። ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ያነሣሁትም የለም።»

ሥራነሽ ቀና አለች። «ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«አሁን አክስቶቼን ስታነሺ የነበረውስ?»

ዘመናይ መሬት መሬት አየች። የሥራነሽ ፊት ሲለዋወጥ ማየት አልፈለገችም።

የኔታ ጋቢያቸውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ያልኩት አንድ ጊዜ ነው» አሉ።

«አዎ የኔታ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቆዪ እንጂ። ያ አንዱ ካልተነሣ፣ አንዱ ገና አለኝ ማለት ነው።» ትንሽ አረፉ። «ደጅ ግን አልወጣም። ጥምጥሙም ይቅር፣ ደግሞ ለመጠምጠም አቅም የለኝም። እዚሁ እንዳለሁ ይሆንልሻል?»

«ይሆናል።»

ሥራነሽ ልጇን ከጡቷ አላቅቃ ክንዳቸው ላይ አስተኛችላቸው። ዘመናይ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሕፃኗ የየኔታን ጣት አገኘችና ጨበጠችው። እሳቸውም ወደ እሷ ዞሩ፤ ባዶ ራሳቸው፣ ነጭ ጢማቸው፣ የተሸበሸበ ጋቢያቸው እንዳለ። ዘመናይ ትንፋሿን ይዛ ተጫነች።

አሮጊቷ ከብልጭታው በኋላ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ምስሉን አሳየች። ዘመናይ አጥፍታ ደግማ ከፈተቻት። አለ። ሦስተኛ ጊዜ አየችው። አሁንም አለ።

«ወጣ?» አሉ የኔታ።

«ወጣ።»

«ቀኑስ?»

ዓይናቸው አያይም፤ አዎ ብትል ማን ያውቅባታል? «ጽፋለች፣ ግን ተሳስታ ነው» አለች። «የካቲትን ሃያ ስምንት ላይ ነው የምትጨርሰው። ዛሬን መጋቢት ሁለት ብላዋለች።»

ጢማቸው ተነቃነቀ፤ ሳቅ ነበር። «ምስኪን! ሁለት ቀን ማን ሰረቃት?» ከዚያ፣ «አንቺስ ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የካቲት ሠላሳ።»

«እንግዲያ ከጀርባው በእጅሽ ጻፊበት። ለእህቴ ለማሬም አንድ አድርሺላት፤ የእሷም ላይ እንዲሁ።»

ሥራነሽ ልጇን መልሳ ታቀፈች። «ዘመዶቼን ሄደሽ ንገሪያቸው» አለች፣ ሳታያት። «ራስሽ ንገሪያቸው። ጥምቀቱን እንግዲህ አታመጪውም።»

ነገረቻቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንድ ሽማግሌ እንደገና ለመነሣት እምቢ አሉ። የቀሩትን በአሮጊቷ አነሣቻቸው። ላስቲኳን ያላየ አልነበረም፤ ጎረምሶቹም እንደፈራችው ተሳሳቁ። ሶልያና ግድግዳ ተደግፋ በሩቁ ታያት ነበር እንጂ አልቀረበችም።

ሲያበቃ ዘመናይ ብቻዋን ወደ አጥሩ በር ወጣች። የሺዋስ ገና ምንም አልሰማም፤ አሮጊቷ ተሞልታለች፣ ሙሽራዋን ማታ ቀስ ብላ ቦታዋ ብትመልሳት የጥምቀቱን መጥፋት በአሮጊቷ ማመካኘት ትችላለች። ስልኳን አወጣች። ደወለችለት።

«ሃሎ ዘሙ፣ አለቀ?»

«አለቀ።» የአሮጊቷን ላስቲክ በጣቷ ጠመዘዘችው። «የሺ፣ ቅድም አዎ ያልኩህ… አሮጊቷን አልነበረም ያወጣሁት።»