የመልስ ጉዞው ሁለት ሰዓት

የበረራ ዕቅድ አውጪው የሞተው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። የተመታበት የነሐስ ወረቀት መጫኛ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጸሐፊዋ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስታገኘው ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ባልደረቦቿ «ሚዛን» የሚሏት መርማሪ ከሬሳው ይልቅ በክንዱ ሥር ያለውን ወረቀት አተኩራ አየች። ሁለት ነጥብ፤ በመካከላቸው መስመር፤ በመስመሩ ላይ «8,910 ኪሎ ሜትር»፤ ከሥሩ አንድ ቀስትና «90»። ማንም ሳያይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መጀመሪያ የነገውን በረራ የሚያበርረውን ካፒቴን ጠራች።

«ትጠላው ነበር አሉ።»

«እንዴት ልውደደው? እዚህ የምትሠራውን ያቺን ሆስተስ ላግባሽ ብዬ የጠየቅኳት እኔ ነበርኩ። ያ ሰዓት ሠሪ ባሏ ቀደመኝ። ምሳ የምትበላው ደግሞ ከዚህ ሰውዬ ጋር! ለእኔ ሰላምታዋ እንኳ በጠብታ ነው።»

«ዛሬ አነጋግሮህ ነበር?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ደውሎ የነገውን ነፋስ ነገረኝ። ቁጥሩ ያኔ መድረሱ ነበር። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም።»

ሆስተሷ ዓይኗ አብጦ ገባች።

«ባሌ እያንዳንዱን በረራዬን ይመዘግባል፣ እትዬ። መሄጃው ዘጠኝ ሰዓት፣ መመለሻው አሥራ አንድ። ዛሬ ጠዋትም ‹መንገዱ አንድ ከሆነ ሁለቱ ሰዓታት የት ገቡ?› ብሎ ቁርሴን አስተወኝ።»

«አላስረዳሽውም?»

«ነፋስ ነው ስለው፣ ‹ስሙን ንገሪኝ› አለኝ።»

ሰዓት ሠሪው ግን ረጋ ብሎ መለሰ። «ቀኑን ሙሉ ሱቄ ነበርኩ። ሰውየውን በመልክም አላውቀው።»

አመሻሹ ላይ ሦስቱንም በሟቹ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ወንድሜ» አለችው ሰዓት ሠሪውን፣ «ሚስትህ ስትመለስ ሁለት ሰዓት የት ታጠፋለች?»

«የትም! እኔ ቀናተኛ አይደለሁም። ነፋሱ በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር ከፊት ይገፋል፤ በቃ።»

ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነሳ። መርማሪዋ በእጇ ምልክት አስቀመጠችውና ወረቀቱን ዘረጋች።

«ይህ የጀማሪ ትምህርት ነው። ለካፒቴን ማንም እንዲህ ስሎ አያስረዳም። ሆስተሷም በዚህ መስመር ስትመላለስ ኖራለች። ስለዚህ ይህ የተሳለለት እንግዳ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው ነው። ዘጠና የሚለው ቁጥር ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ስምንት ተኩል ላይ የተቀበለው ሞቶ ተገኘ። ካፒቴኑ አላወራም። ታዲያ አንተ ከማን ሰማህ?»

መርማሪዋ ጣቷን ቀስቱ ላይ አሳረፈች።

«አውሮፕላኑ በሰዓት ዘጠኝ መቶ ይበርራል። ነፋሱ ከኋላ ሲገፋው ዘጠኝ መቶ ዘጠና፣ ከፊት ሲገጥመው ስምንት መቶ አሥር። ይህን ነበር ሊያስረዳህ የሞከረው።»

«ሳቀብኝ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ቀስት ስሎልኝ ሳቀ። የተታለለ ባል ላይ የሚሳቅ ሳቅ መሰለኝ፤ መታሁት። ሱቄ ተመልሼ ርቀቱን ለሁለቱ ፍጥነቶች አካፈልኩት… ዘጠኝና አሥራ አንድ። ሰከንድ አልጎደለውም።»

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ነፋሱ ፊት ለፊት የሚገጥመኝ እኮ ወደ አንተ ስመለስ ነበር» አለችው።