ዶክተር ባልዱቺ ያልተናገሩት

«እንዳታነሺው!» አለች ሳንድራ፣ ሹካዋን ወደ ስልኩ ቀስራ።

ቪዮላ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ስልኩ በፓስታው ሳህንና በውሃው ጠርሙስ መካከል እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ዶ/ር ባልዱቺ» ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሲደውሉ ይህ ሦስተኛቸው ነው።

«ለዚያ ክትባቷ ነው» አለች እናቷ ሳንድራ። «አምና ልጄን ያደረገችው አልበቃ ብሏት!»

«ለኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ምን ክትባት ያስፈልገዋል?» አሉ አያቷ ኢዳ። «የሱፍ ካናቴራ ማልበስ፣ ፀጉሩ ሳይደርቅ ከቤት አለማስወጣት! እኛ እንዲያ አይደል እንዴ ያደግነው?»

የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ኤሊያ ከፓስታው ውስጥ አተሩን አንድ በአንድ እየለቀመ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል።

ዶክተር ባልዱቺ የቪዮላና የኤሊያ ሐኪም ናቸው፤ ሁለቱንም ከተወለዱ ጀምሮ ያውቋቸዋል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ክትባቱ ሲገባ የሚያክሟቸውን ልጆች ዝርዝር ይዘው ለየቤቱ ራሳቸው ይደውላሉ፤ መጀመሪያ አስም ላለባቸው። አምና ለኤሊያ ዓርብ ዕለት ክትባቱ አፍንጫው ውስጥ ተነፋለት። ሰኞ አተኮሰው። ማክሰኞ መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል ገባና አራት ቀን ተኛ። ከዚያ ወዲህ ለሳንድራ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ልጇን ያሳመመው ክትባቱ ነው።

ቪዮላ ግን በመካከሉ ስለነበረው ቅዳሜ ታውቃለች። ያን ቀን ኤሊያን ከዋና ልምምዱ ቀጥታ ወደ ቤት ይዛው እንድትመጣ ታዝዛ ነበር። እሷ ግን ወደ ጓደኛዋ ወደ ቤኔዴታ ቤት ጎራ አለች። የቤኔዴታ ታናሽ ወንድም ትኩሳት ይዞት ሶፋው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ኤሊያ ከጎኑ ተለጥፎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካርቱን አየ። ኋላ እናቷ «የትም አልሄዳችሁም አይደል?» ስትላት፣ «የትም» አለች። በቃ፣ አንዲት ቃል ናት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አንቺ አንሺውና የለችም በያት» አለች ሳንድራ።

«ቪዮላ፣ አንቺ ነሽ?» አሉ ዶክተሯ።

«እማዬ የለችም፣ ዶክተር።»

በዚያው ቅጽበት የሳንድራ ሹካ ሳህኑ ላይ ቅጭል አለ። 

«እሺ» አሉ ዶክተሯ። «ስትመጣ ኤሊያን እንድታመጣልኝ ንገሪያት። አንቺም የምትነግሪኝ ነገር ካለሽ፣ ሁልጊዜ አለሁ።»

ቪዮላ ስልኩን አስቀመጠች። የምነግራቸው ነገር? ለምን እንዲህ አሉኝ?

«ሐሙስ የሐኪም መቀየሪያ ቅጹን አመጣለሁ» አለች እናቷ። «ከዚያ ማን ጋ እንደምትደውል አያለሁ!»

ሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት ቪዮላ ቤኔዴታን ወደ ደረጃው ሥር ጎተተቻት።

«ዶክተሯ ስለ አምናው ቅዳሜ ነቄ ብላለች መሰለኝ።»

«እንዴ፣ ታውቃለች እኮ!» አለች ቤኔዴታ፣ አፏን በፎካቻ ዳቦ ሞልታ። «አምና ወንድሜን ስናሳያት ማን ጋ እንደዋለ ጠየቀችን። ቪዮላና ኤሊያ መጥተው ነበር አልኳት። ሐኪም ናት፣ ምን ልበላት ታዲያ? አንቺ ደግሞ አታካብጂ።»

አንድ ዓመት ሙሉ! ቪዮላ አምና እናቷ ክሊኒኩ ውስጥ በተራ ጠባቂዎቹ ፊት «ልጄን ልትገድዪብኝ ነበር!» ብላ ስትጮህባቸው እዚያው ነበረች። ዶክተሯ አንዲት ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያበቃ ነበር። አልተናገሩም። ሰው የሌላን ሰው ምስጢር በከንቱ አይሸከምም፤ አንድ የሚፈልጉት ነገር ቢኖር ነው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

«የመጨረሻው ተራ የማን ነው?» አለች እንደ ገባ ሰው ሁሉ። ሕፃን የታቀፈ ሰውዬ ጣቱን አነሳ። እሱ ገብቶ እስኪወጣ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ዓሣዎች ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

ስትገባ ወንበር እንኳ አልሳበችም። «ለእማዬ ለምን አልነገሯትም?»

ዶክተር ባልዱቺ መነጽራቸውን አወለቁ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቋትም።

«ልጆች እዚህ የሚነግሩኝን ይዤ አልዞርም። ቤኔዴታ የነገረችኝን ለእናትሽ ካወራሁ፣ ነገ አንቺስ ምን ብለሽ ትነግሪኛለሽ? ያሳመመው ክትባቱ እንዳልሆነ ግን ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ኤሊያ ሦስት ቀኑ ነበር። አላመነችኝም።»

«እና እኔ እንድነግርልዎት ነው። እንዳንለቅዎት።»

ዶክተሯ ሳቁ። «አንቺማ በሚቀጥለው ወር አሥራ አራት ይሞላሻል፤ ወደ ትልልቆቹ ሐኪም መሄድሽ ነው። ኤሊያም ከፈለገ ወደ ሌላ የልጆች ሐኪም ይሂድ፣ ጎበዝ ባልደረቦች አሉኝ። ግን እናትሽ ክትባቱን እንደ መርዝ እያየችው ብርዱ እንዳይገባ ነው ፍርሃቴ። የዚያ ልጅ ሳንባ አምና ያየውን አይቷል።»

«ብነግራት ትገድለኛለች።»

«ትቆጣሻለች» አሉ ዶክተሯ። «አትቆጣም ብዬ አልዋሽሽም።»

ቪዮላ ፊታቸው ላይ የተደበቀ ነገር ፈለገች። አላገኘችም። አለማግኘቷም ደስ አላሰኛትም፤ ቢኖር ይቀላት ነበር።

ሐሙስ ማታ ሳንድራ ቅጹን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መሙላት ጀመረች። ኢዳ ቴሌቪዥን ያያሉ። ኤሊያ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳለ፤ ሳንድራ ብዕሯን እንዳነሳች ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ ሦስተኛ ሳል አልመጣም።

«ቪዮላ፣ የኤሊያን የጤና ካርድ ከመሳቢያው አምጪልኝ። ቁጥሩን ልጻፍ።»

ቪዮላ አመጣችው። ግን አልሰጠቻትም፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ስጪኝ እንጂ። ምን ሆንሽ?» አለች ሳንድራ፣ እጇን እንደዘረጋች።

ኢዳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ።

«እማዬ፣ አምና ቅዳሜ…» አለች ቪዮላ።  «ከዋና ስንወጣ፣ ቀጥታ ወደ ቤት አልመጣንም።»