ቂም የምትባል ሸረሪት

ቺዙሩ ሪኪያን የወደደችው በአንድ አመሻሽ ነው። የጠላችው ደግሞ በማግስቱ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ መንደሩ በሙሉ ቆሞ እያየ።

አመሻሹ እንዲህ ነበር። ከቶኪዮ በባሕር ማዶ፣ ኢሶነ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ከባሕሩ ዳር ካሉት ጥዶች ሥር ሪኪያ እጇን ያዘ። እስኪጨልም ድረስ ባሕሩን እያዩ ቆሙ፤ ከዚያ እየሮጠች ቤቷ ገባች፤ እናቷ «ምን አግኝተሽ ነው?» ብትላት «ምንም» አለች።

በማግስቱ ዓመታዊው የሸረሪት ግጥሚያ ነበር። ኢሶነ ውስጥ ወንድ ልጅ ከመዋኘት እኩል የሚማረው ዘላይ ሸረሪት ማሳደግ ነው። ድር ዘርግተው የሚጠብቁት ዓይነት አይደሉም፤ እንደ ድመት አድፍጠው የሚዘሉ፣ ሰው ሲያያቸው መልሰው ሰውን የሚያዩ፣ ጥፍር የማያክሉ ፍጥረቶች ናቸው። ሁለት ወንድ ሸረሪቶች መድረክ ላይ ሲገናኙ ጥቋቁር ክንዳቸውን አንስተው ይጋፋሉ፤ ያፈገፈገ ተሸነፈ። የቺዙሩ አባት በሕይወት ሳለ ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ሲሞት በእሱ ቦታ እሷ ገባች፤ ከሴት የመጀመሪያዋ።

የሳጥኗን የመስታወት ክዳን ስትከፍት ውስጡ ሸረሪት የለም። ያለው ነጭ፣ ባዶ ቅርፊት ነው። ሸረሪቱ የመጨረሻ ቆዳውን ጥሎ፣ ክዳኑ ባልገጠመበት ቀዳዳ ሾልኮ ሄዷል።

«ቅርፊት ይዛ መጣች!» አለ አንዱ። መንደሩ በሳቅ ፈነዳ።

የመንደር ሳቅስ ያልፋል። ያላለፈው ሌላ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ሪኪያ ነበር። ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው፤ ትናንት እጇን በያዘበት እጁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ቅርፊት ሆነ። ዓሣ ሻጩ «ቅርፊት፣ ዛሬ ምን ልመዝንልሽ?» ይላታል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት «ቅርፊት! ቅርፊት!» እያሉ ይሸሻሉ። ሪኪያ በሳምንቱ የጭነት መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ። ይቅርታ የለ፣ ደብዳቤ የለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቺዙሩ በእናቷ ማድረቂያ ቤት የባሕር አረም ስትጠፈጥፍና ስታደርቅ ኖረች፤ ቂሟን ግን አንድም ቀን ጦሙን አላሳደረችውም። የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። በዚያው መድረክ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ሪኪያ ይሳቅበት። ሌላ ምንም አትፈልግም።

በሦስተኛው ጸደይ ተመለሰ።

ከባሕሩ ዳር ካለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ሸረሪት ላይ ሳጥኗን ልትደፋ ስትዘጋጅ ነው ድምፁን ከኋላዋ የሰማችው።

«ገና ያልጎለመሰ ነው። አንድ ቆዳ ይቀረዋል።»

አልዞረችም። «አንተም ገና ባለጌ ነህ። ስንት ቆዳ ይቀርሃል?»

«ደህና ነሽ፣ ቺዙሩ?»

«ቅርፊት በለኝ እንጂ። ያወጣህልኝን ስም ረሳኸው?»

«እኔ አላወጣሁትም።»

«አደመቅኸው። ምን ለየው?»

ሪኪያ አንገቱን ደፋ። በባሕር ላይ ፀሐይ ጠቁሯል፤ ትከሻው ሰፍቷል፤ ይህን ማየቷ ራሱ አበሳጫት። ከኪሱ ሳጥን አወጣ። ውስጡ ክንዱ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ የደረሰ ወንድ ቆሞ ወደ እሷ ያፈጣል።

«መልህቅ ነው ስሙ» አለ። «ያንቺስ?»

ቺዙሩ ሸረሪቱን አፈፍ አድርጋ ከታ ክዳኑን ጓ አደረገችው። አባቷ «ከመዝጋትሽ በፊት አገላብጠሽ እይ» ይላት ነበር፤ ያን ቀን ግን ከንዴቷ በቀር የሚታያት ነገር አልነበረም።

«ቂም» አለችው። «ቂም ነው ስሙ። ለአንተ ነው የማሳድገው።»

ቂም ሁለት ሳምንት ዝንብ እየዘለለ በላ። ከዚያ መብላት ተወ። ሳጥኑ ጥግ ላይ ነጭ ከረጢት ፈትሎ ውስጡ ገባ። ቺዙሩ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ዝንቦቹን አወጣች፤ ቆዳውን ሊጥል የተኛ ሸረሪት ራሱን መከላከል አይችልምና ዝንብ እንኳ ያቆስለዋል። እርጥበት እንዲኖረው ጥጥ በውሃ ነክራ ጥግ ላይ አኖረች። ከእንግዲህ መንካት የለም፣ ማንቀሳቀስ የለም። ነገር ግን ማድረቂያው ማሽን ቤቱን ከጠዋት እስከ ማታ ያንቀጠቅጠዋል።

«የአባትሽ ጀልባ ላይ አስቀምጪው» አለች እናቷ ኦሪኤ። «አሸዋ ላይ የሚነቃነቅ ነገር የለም። ያ የመርከብ ልጅ እዚያ አጠገብ መረቡን ይጠግናል አሉ።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ?»

«እኔ ምን አልኩ? አባትሽም እኔን ሊያይ ሲመጣ ‹ሸረሪት ፍለጋ ነው› ይል ነበር።»

ቺዙሩ እናቷን በዓይኗ አፈር አልብሳ ወጣች።

ሦስት ቀን ከጀልባው ሳትርቅ ጠበቀች። ሪኪያ አሥር እርምጃ ርቆ መረቡን ይሰፋል። አያወራትም፤ አታወራውም። ቀና ስትል ዓይኑን ይመልሳል፤ ቀና ሲል ዓይኗን ትመልሳለች። በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ አምጥቶ የጀልባው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያውን ለወፎች ሰጠች። ሁለተኛውን ራባትና በላችው፤ ግን ጀርባዋን ሰጥታ።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከኮረብታው ደረቅ ነፋስ ተነሣ። በዚያው ሰዓት የቂም ቆዳ ከግንባሩ ተሰንጥቆ እንደ ክዳን ተነሣ። አዲሱ ገላ እየገፋ ወጣ፤ አንድ እግር፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቀኝ የፊት እግሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቅርፊቱ ደርቆ ያዘው። እግሩ ተጣመመ። የቺዙሩ የሁለት ዓመት በቀል ዓይኗ እያየ ሊሞት ነው። መስታወቱን ገፍታ ወረንጦ ወደ ውስጥ ሰደደች።

አንድ እጅ አንጓዋን ያዘ።

«አትንኪ! ከሳብሽው ከሥሩ ይነቀላል።»

«ልቀቀኝ! ደስ ይልሃል አይደል?»

«ዝጊው። የደረቀው አየሩ ነው።»

ሪኪያ ከሻይ ማቆያው የሚጨስ ውሃ በኩባያ ቀዳና ከሳጥኑ አጠገብ አኖረው። ጃኬቱን አውልቆ ሳጥኑንም ኩባያውንም አንድ ላይ ሸፈነ። ለማየት ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ከጃኬቱ ሥር ማስገባት ነበረባቸው። ገቡ። ጨውና ሻይ ይሸታል። መስታወቱ በእንፋሎት ላበ። ጉንጩ ከጉንጯ አንድ ጣት አይርቅም፤ ማንም አልተነፈሰም ማለት ይቻላል። ስንት ሰዓት እንደቆዩ ቺዙሩ አላወቀችም።

«ፈርቼ ነው» አለ ድንገት፣ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን። ካልሳቅሁ፣ ለእሷ አደላ ብለው የእኛን ነገር ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ አስበልጬ የሳቅሁት ከሁሉ አስበልጬ ስለፈራሁ ነው።»

«ፈሪ!»

«አዎ።»

ቢከራከራት ይሻላት ነበር። ‹አዎ› ሲላት ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ላላ፤ እንደላላ ስታውቅ በራሷ ተናደደችና ያን ሳቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስታወሰች። አሁንም ያማል። ጥሩ፤ ይመም።

እግሩ ወጣ። ሸረሪቱ ነጣ ብሎ፣ ረጥቦ፣ ከቅርፊቱ አጠገብ ተዘረጋ። ቺዙሩ አፏን በእጇ ያዘች። ሪኪያ በመስታወቱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋ።

«ምን?» አለችው።

«ምንም። አምስት ቀን ዝንብ አታስገቢ። ጥርስ እስኪጠነክር።»

ጃኬቱን ሳይወስድ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን፣ ለግጥሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቀለሙ ጠራ። ቺዙሩ ጥቁር ክንድ ጠብቃ ነበር። ያየችው ግን ግራጫ፣ ወፍራም ሆድ፣ አጭር ክንድ ነው። የማታምን ይመስል ሳጥኑን ወደ ፀሐይ አነሣች። ሴት ናት። ሳይጎለምሱ ሴትና ወንድ ይመሳሰላሉ፤ ለይቶ ለማወቅ ከአፋቸው አጠገብ ያሉትን ጫፎች አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ወንዱ ጋ ያበጡ ናቸው። የሦስት ጊዜ አሸናፊ ልጅ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ሳታይ ዘግታ፣ ሴት ሸረሪት ቂም ብላ አሳደገች።

«ይቺማ እመቤት ናት!» አለች ኦሪኤ በትከሻዋ ላይ አጮልቃ።

ቺዙሩ አሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሌላ ወንድ ለማሳደግ ጊዜ የለም። አልቅሳ ስትጨርስ አባቷ የነገራት ነገር ትዝ አላት፤ ወንዱ ሴቷን ያየ እንደሆነ ጠብ ይረሳል። እንባዋን በሪኪያ ጃኬት እጅጌ ጠረገችና ሳቀች። ክፉ ሳቅ ነበር።

በግጥሚያው ቀን መልህቅ አሥራ አንድ ሸረሪት አባረረ። ዳኛው ጋሽ ቶሜኪቺ፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ፣ የአሸናፊነቱን ሰንደቅ ለሪኪያ ከመስጠታቸው በፊት እንደ ወጉ ዞረው ጠየቁ፤

«ፈታኝ አለ?»

«አለ» አለች ቺዙሩ።

«ቅርፊት መጣች!» አለ አንዱ። «ዛሬስ ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» ሳቁ እንደ ድሮው ተነሣ። ቺዙሩ አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈች።

ጋሽ ቶሜኪቺ ወደ ሪኪያ ዞሩ። «አሸናፊ፣ መብትህ ነው። የፈታኟን ሸረሪት ልመርምርልህ? ካልወደድከው አልገጥምም ማለት ትችላለህ።»

ይህን መብት ያልተጠቀመ አሸናፊ የለም። ሪኪያ ግን ዓይኖቿን እያየ፣ «አያስፈልግም» አለ።

ሁለቱ ሳጥኖች ተከፈቱ። መልህቅ ወጣና ጥቋቁር ክንዶቹን አነሣ። ከዚያ መልህቅ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። ሌላ አንድ ወደ ጎን። ሆዱን አርገበገበ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ክንዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይጨፍር ጀመር። ቂም እንደ ንግሥት ቆማ አየችው።

ጋሽ ቶሜኪቺ ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። «ይቺ... ይቺ ሴት ናት!» ብለው ጮኹ። «ደግሞም ቆዳዋን ጨርሳ የጣለች ናት፤ ወጉ የጎለመሰ ይሁን ይላል እንጂ ወንድ ይሁን አይልም። ጠብ የተወ ተሸንፏል!»

እንዲህ ያለ ሳቅ ኢሶነ ሰምታ አታውቅም። ሰዉ መሬት ላይ ተንከባለለ። «አሥራ አንዱን ያባረረው ጀግና ሊያገባ ነው!» «ሪኪያ፣ ሽማግሌ ላክ!» «ሙሽራው! ሙሽራው!»

ቺዙሩ የሁለት ዓመት ጥሟን ልታረካ ወደ ሪኪያ ዞረች። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይሆናል፣ ይሸሻል ብላ ነበር። አልሸሸም። ሳቁ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀስ ብሎ፣ ወገቡን ታጥፎ፣ ለእሷ ብቻ እጅ ነሣ። ያኔ ገባት።

ጀልባው አጠገብ አገኘችው። ሰንደቁን አሸዋው ላይ ጣለችው።

«አውቀህ ነበር!»

«እግሯ የወጣ ጊዜ ነው ያየሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን አስመርምረህ አልጣልከኝም?»

«ያን ጊዜ እኔ ሳቅሁ። አሁን የሚሳቅብኝ ተራ የእኔ ነው ብዬ።»

«ሌባ!» ጃኬቱን በፊቱ ላይ ወረወረችው። «በቀሌን ሰረቅኸኝ! ሁለት ዓመት ያሳደግሁትን! አንተ ፈቅደህ የሰጠኸኝ ምን በቀል ነው? ጨርሶ አልረካሁም!»

«እንግዲያው ሌላ ፈልጊ። የትም አልሄድም።»

ቺዙሩ ሰንደቁን ከአሸዋው ላይ አነሣች። ከመንደሩ በኩል ሕፃናት «ሙሽራው!» እያሉ ሲጮኹ ይሰማል። ልቧ ይቅር ብሎታል፤ ይህን ማወቋ አናደዳት፤ በነፃ ግን አትሰጠውም።

«እኔ ሁለት ዓመት ቅርፊት ተብያለሁ» አለች። «አንተም ሁለት ዓመት ሙሽራው ትባላለህ። ሙሽሪት የሌለችው ሙሽራው። አንድ ቀን አልቀንስልህም።»

«ከዚያስ?»

«እሱን ያኔ ትጠይቀኛለህ።»

አንድ ቀን አልቀነሰችለትም። ዓሣ ሻጩ «ሙሽራው፣ ሠርጉ መቼ ነው?» ይለዋል። ሕፃናት ይከተሉታል። በየእሑዱ ሩዙን ይዞ ጀልባው ጋ ይመጣል፤ ሩዙን ትበላለች፤ «አጠገቤ ተቀመጥ» ትለዋለች፤ እጇን ሊይዝ ሲል «ስንት ቀን ቀረህ?» ብላ ትመታዋለች። ቂም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ አርጅታ ሞተች። ቅርፊቷን ቺዙሩ አስቀመጠች።

ሁለት ዓመቱ በሞላበት የግጥሚያ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ያው መንደር በሙሉ ቆሞ ባለበት፣ ሪኪያ ጠየቃት፤ «እሺ» አለችው። ሠርጉ በሳምንቱ በዚያው ስፍራ ሆነ። ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ ሙሽሪት ተነሥታ ከሠርግ ልብሷ ሰፊ እጅጌ አሮጌውን ሳጥን አወጣችና የመስታወት ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ ነጭ፣ ባዶ ቅርፊት ነበር።

መንደሩ ጸጥ አለ። ማንም ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም። ሪኪያ ቅርፊቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ከንፈሩን ነክሶ እንደ ድንጋይ ቆመ።

ቺዙሩ ጭንቀቱን በደንብ አየችለት። ከዚያ እጁን ያዘች፣ በሁሉም ፊት።

«አሁን ሳቅ» አለችው።