የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር

ብቻውን የመጣን ሰው «መጣችሁ?» ብሎ የሚቀበል ሰው ምን አይቶ ነው?

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ የትም አላነበብኩትም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ራሴ ግማሹን ቀን አምኜ ግማሹን ቀን ስክድ ነው የምውለው።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው መሬቱ ዘይት የጠጣ፣ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ተራ ጋራዥ ነው። ሰው የሚፈራበት ቦታ አይደለም።

ግን ትንሽ ወደኋላ ልመለስ።

ከአገር ርቄ አሥራ አራት ዓመት ኖሬ የተመለስኩት ባለፈው ዓመት ነው። የተማርኩት ማሽን መቼ እንደሚበላሽ አስቀድሞ ማስላት ነው። ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ «ጥንቆላ በዲግሪ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሊቁ» ሆኖ ቀረ።

የእትዬ ሥራ ለክሊኒኮች ኦክስጅን ማድረስ ነው። ሲሊንደሮቹን ራሷ ትጭናለች፣ ራሷ ትነዳለች፣ ራሷ ታወርዳለች። ባለፈው ክረምት አሮጌ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆሞባት ከሩቁ ክሊኒክ የደረሰችው አራት ሰዓት ሙሉ ዘግይታ ነበር።

በዚያ አራት ሰዓት ውስጥ የትኛው በሽተኛ እንደጠበቃት፣ የትኛው እንዳልጠበቃት ነግራኝ አታውቅም።

እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ብቻ አሮጌው ተሸጠ፣ አዲስ ፒክአፕ ተገዛ። የመቀመጫዎቿ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም ነበር። እትዬ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን በጣቶቿ ዘጋቻቸው።

«ሊቁ... ይቺ መንገድ ላይ እንዳትቆምብኝ።»

እየቀለደች አልነበረም።

በማግስቱ የጥገና ሰንጠረዥ አወጣሁ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ የጎማ ብሎኖችን ማጥበቅ። ሺህ ላይ የመጀመሪያው ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ ፍሬን ማየት። አምስት ሺህ ላይ ጎማ ማቀያየር፣ ፍሬን እንደገና ማየት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እስከ መቶ ሺህ ሄድኩ። የተሠራውን እየፈረምኩበት እንድሄድ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት። እትዬ ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ ለእኛም እንዲህ ያለ ወረቀት ወጥቶልን ቢሆን ሐኪም ቤት ደጅ ባልደረስን ነበር አለች።

አዲስ ሞተር እስኪላመድ በዝግታ መነዳት አለበት። የመጀመሪያውን ሺህ ኪሎ ሜትር እኔ ልነዳ፣ ከዚያ እሷ ልትረከብ ተስማማን።

የምነዳው ብቻዬን ነበር።

ይህን አስምሩበት። ብቻዬን።

በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል... ዳሽቦርዱ ጮኸ።

ቲን... ቲን... ቲን...

ቀበቶዬን አየሁ። ታስሯል። መብራቱን አየሁ። የበራው የእኔ አይደለም።

የቀኝ ወንበር ነው።

አዲስ መኪና የነዳ ሰው ያውቀዋል። ጋቢና ላይ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ ትጮኻለች። ሰው ከሌለ ዝም ነው። ወንበሩ ላይ ቦርሳ የለ፣ የውሃ ጠርሙስ የለ። ላስቲኩ ብቻ ነው ያለው።

የሴንሰር ችግር ነው አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? መንገዱን እያየሁ አንድ እጄን ሰደድኩና የባዶውን ወንበር ቀበቶ አሰርኩት።

ዝም አለች።

ላስቲኩ ግን... ኮሽ አለ። ሰው ተመቻችቶ ሲቀመጥ እንደሚለው።

ማክሰኞ አምስት መቶው ሞላ። በሰንጠረዤ መሠረት ጋራዥ ሄድኩ።

መካኒኩን ሰው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚለው። ኮፈን ሳይከፍት፣ በጆሮው ብቻ የሞተር በሽታ ያውቃል ይባላል። ከመኪናዋ ወርጄ ወደ እሱ ስራመድ ከተቀመጠበት የጎማ ክምር ላይ ቀና አለ።

«መጣችሁ?»

ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም የለም።

አሥራ አራት ዓመት የራቀ ሰው በገዛ ቋንቋው መተማመን ያቅተዋል። ለአንድ ሰው «እንዴት ናችሁ» ይባል የለ? ቤተሰቡን ጭምር መጠየቅ ነው። ይሄም እንደዚያው ይሆናል፣ እኔ በሌለሁበት የመጣ አነጋገር ይሆናል አልኩ። ደግሞስ እኔ ነኝ ሰው የማርመው? ዳቦ ቤት ሄጄ ስናገር እንኳ የሚሳቅብኝ ሰውዬ?

«አዎ፣ መጣን» አልኩት።

መጣን።

ምላሴን በቆረጠው።

ጋሽ ጆሮ ሁለት ዱካ አወጣ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ሌላውን ወስዶ ከመኪናዋ የቀኝ በር አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጠው። ለራሱ መስሎኝ ነበር። ብሎኖቹን አጥብቆ እስኪጨርስ ግን አንድም ጊዜ አልተቀመጠበትም።

ቅዳሜ ሺው ሞላ።

«መጣችሁ?» አለ ጋሽ ጆሮ።

ፒክአፕዋን በጋራዡ የጥገና ጉድጓድ ላይ አቁሜ ወረድኩ። እሱ ከሥር ገብቶ፣ ዘይት ሲሞቅ ቶሎ እንደሚወርድ እየነገረኝ ነበር። ብሎኑን ከመፍታቱ በፊት ግን አንገቱን ብቅ አደረገና ወደ ጋቢናው አየ።

«አይወርድም?»

ዘይቱን መሰለኝ።

«ትንሽ ይቆይ። ይሻላል» አልኩት፣ የሚያውቅ ሰው ለመምሰል።

«እንደወደዳችሁ።»

ሲጨርስ የቀኝ ወንበሩን ሴንሰር እንዲያይልኝ ለመንኩት። በሩን አልከፈተም። ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ጥቂት አየና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሄደ።

«ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሥራውን እየሠራ ነው።»

እሑድ ቁጭ ማለት አቃተኝ።

ከቁርስ በፊት የጎማ አየር ለካሁ። ከቁርስ በኋላ ደገምኩ። ግቢውን ዞርኩ። ተመለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ልለካ ስጎነበስ ነው ያየሁት... መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘመም ብላለች።

ሜትር አመጣሁ። ከመሬት ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ፣ በግራ ሰማንያ ስድስት ሳንቲ ሜትር። በቀኝ ሰማንያ አራት።

መሬቱ ይሆናል ብዬ አዞርኳት። ያው ነው። በቀኝ ሰማንያ አራት።

የቀኝ በሩን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ቀበቶው እንደታሰረ ነበር። ፈታሁት። ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸሁ።

መኪናዋ... ቀስ ብላ ከፍ አለች።

ሰው ሲወርድላት እንደምታደርገው።

ለካሁ። ሰማንያ ስድስት።

ግቢውን አየሁ። የተሰጣ ልብስ። ባልዲ። ያ ሁሉ ፀሐይ። አንድም የሰው ጥላ የለም፤ ከእኔ በቀር። በሩን ክፍት ትቼ ግድግዳው ድረስ ሄድኩና ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ። ሙሉ ደቂቃ ይሆናል። ሁለትም ሊሆን ይችላል።

ላስቲኩ ኮሽ አለ። ተመልሼ ለካሁ።

ሰማንያ አራት።

ለእትዬ ምን ብዬ ልንገራት? መኪናሽ ትንሽ ከፍ ዝቅ ትላለች ልበላት? ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሲሊንደር ጭና ወደ ሩቁ ክሊኒክ መሄድ አለባት። እኔ ደግሞ ማስረጃ ካላየሁ አላምንም እያልኩ የምፎክር ሰው ነኝ። ማስረጃዬ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት አገኘኋትና ዋሸሁ።

«ፍሬኑ አንድ ጊዜ ቢታይ...»

«ትናንት ታይቷል። ወረቀቱ ላይ ራስህ ፈርመህበታል።»

«አንድ ቀን ብቻ፣ እትዬ።»

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እዚያ አንድ ቀን የሌለው ሰው አለ።»



አብሬሽ ልሂድ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ይሄ ነገር የመኪናዋ ባይሆንስ? የእኔ ቢሆንስ? ከሄድኩበት ይዤው የመጣሁት ቢሆንስ? መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ከመኪናዋ ተለይቼ አላውቅም። የእኔ ከሆነ እህቴን የሚያድናት የእኔ መቅረት ነው።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳች። በሩን ከፈትኩላት። ሞተሩ እንደተነሳ ሰማሁት... ቲን... ቲን... ቲን...

እትዬ ወደ ቀኝ እንኳ ሳትዞር እጇን ሰደደች። የባዶውን ወንበር ቀበቶ አሰረች።

ዝም አለ።

አራት ሰዓት እስኪሆን ከሳሎን እስከ በር፣ ከበር እስከ ሳሎን ስመላለስ ቆየሁ። ከዚያ በእግሬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። የሚሠራ ነገር አልነበረኝም። አንድ ቃል ለመስማት ብቻ ነው የሄድኩት። ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዱ «መጣችሁ?» ካለኝ ነገሩ እኔ ጋ ነው፣ እትዬ ነፃ ናት።

እንደዚያ ቀን «መጣችሁ» መባል ፈልጌ አላውቅም።

በሩን አልፌ ገባሁ። ጋሽ ጆሮ አንድ ጎማ ላይ አጎንብሷል። ኮቴዬን ሰምቶ ቀና አለ።

አየኝ።

«መጣህ?»

ዱካ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ... ሁልጊዜ መጣችሁ ነበር የሚሉኝ።»

«ዛሬ ብቻህን ነህ እኮ» ብሎ ሳቀ። «ጓደኛህን የት ጣልከው?»

«የትኛውን ጓደኛ?»

ፊቴን አየ። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። የያዘውን የብሎን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ። ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ነው ያስቀመጠው። ጠጋ አለኝ። ማንም በሌለበት ግቢ ውስጥ ያንሾካሹካል።

«ያን... የማይወርደውን።»

«ምን ይመስላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው የሚመስለው። አፉን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው።»

ጋሽ ጆሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«በሽተኛ የምታመላልስ መስሎኝ እኮ ነው፣ ልጄ። አይወርድም ወይ ስልህ፣ ይቆይ ይሻላል አልከኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። እትዬ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ያነሳው የበሩ ጥበቃ ነው። መጥታለች አለኝ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ያውም ቀድማ። አሥሩንም ሲሊንደር አውርዳ ሄደች።

ለአፍታ እፎይ ልል ነበር።

«አሥራ አንድ ነው የጫነችው» አልኩት።

አዎ፣ አንዱን መልሳዋለች አለ። ሊያወርድላት ሲል ተዉት ብላዋለች። ለመንገድ እንፈልገዋለን ብላ ራሷ ተሸክማ ጋቢና አስገባችው።

«እንፈልገዋለን ነው ያለችው?»

እንደዚያ ነው ያለችው አለ ጥበቃው። ቸኩላ ነበር። ደግሞ የሄደችው በመጣችበት መንገድ አይደለም። በላይኛው ነው፤ ወዴት እንደሚያወጣት እንጃ።

እንደገና ደወልኩላት። ጋሽ ጆሮ ከጎኔ ቆሞ ጆሮውን ወደ ስልኩ አዘንብሏል። ይጠራል... ይጠራል...

ተነሳ።

የሞተር ድምፅ ይሰማል። ከሞተሩ ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ... ስስስስ... ከተከፈተ ሲሊንደር የሚወጣ አየር።

ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«እትዬ!» አልኩ።

«እሽሽ...»

እህቴ ናት። ግን ሕፃን ታቅፋ እንደምታወራ ሰው ነው የምታንሾካሹከው። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ቀስ በል... አሁን ገና ተኛ።»

ተቋረጠ።

ስደውል ጠፍቷል ይላል። ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። የሚመለከተው ሁሉ ተነግሮታል፤ በላይኛው መንገድ ላይ የቆመም የተገለበጠም መኪና አልተገኘም። ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው። ነጭ ፒክአፕ፣ መቀመጫዎቿ ላስቲክ እንደለበሱ፣ አንዲት ሴት የምትነዳት... ያየ ካለ ይንገረኝ።

ስልኩ እንደተቋረጠ፣ እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጬ አንድ መልእክት ላክሁላት። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። መልስ የለውም።

«እትዬ፣ የተኛው ማነው?»