«የሁላችን ነው» ያለው ብሥራት

ስለ ኮምፒውተር ሲወራ «እሷ ፊደል አልቆጠረችም» ብለው ፊታቸውን ከእኔ የሚያዞሩ ሰዎች አሉ። ያዙሩ። የልጅ ልጄ የምሥራች እንዴት እንደተከዳች ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የተከዳችው እኔው ቤት ተቀምጣ ነው።

የምሥራች እንጅባራ ስልክ ትጠግናለች። ብሥራት የሚባል የዳንግላ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የተበላሸ ስልኩን ይዞላት መጣ። ጠግና ስትሞክረው አዊኛ ሲጽፉበት በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አገኘችበት። ሰማችውና ሳቀች።

«ይሄን የሠራው ሰው አዊኛ የተማረው ከበግ ነው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ልጁ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«እንግዲያው አርመው።»

«አንቺ አርሚው። ክፍት ነው። ኮዱን የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ኮድ የማይችል ስህተቱን ይነግረናል፣ ይተረጉማል፣ ድምፁን ይሰጣል።»

ይህን ስትነግረኝ ፊቷን አየሁትና ነገሩ ስለ ፕሮግራም ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ቤቴ ይመጣ ጀመር። እሷ ስህተቱን ታርማለች፣ እኔ ስልኩ ላይ በአዊኛ እናገራለሁ፣ ጎረቤቶቼንም ጠርቼ እንዲናገሩበት አደረግኩ። እሱ ኮምፒውተሩን ትቶ እሷን ያያል።

«ይሄ እኮ ደቦ ነው፣ እማማ» አለኝ አንድ ቀን።

«የደቦ እህል የባለማሳው ነው። የዚህ ባለማሳ ማነው?»

«የለም። የሁላችን ነው።»

ደቦ የጠራ ሰው «ማሳው የእኔ አይደለም» ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ወደድኩት። እሷማ ቀድማኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ብሥራት አዲስ አበባ ሄደ። የምሥራች እንደልማዷ ያረመችውን ልታስገባ ፕሮግራሙን ብትከፍት፣ ስልኩ «አይፈቀድልሽም» አላት። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችውና «ብሥራት ዘግቶታል» አለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ዓባይነህ፣ ጋቢውን አስተካክሎ «እትዬ ማናለብሽ፣ ልጅዎን ለልጃችን...» ብሎ ጀመረ።

«ልጃችሁ የት አለ?»

«ከአጥር ውጭ። ወጉ እኮ...»

«ወጉን አውቀዋለሁ። ጥሩት።»

ገባ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ፕሮግራሙን ኩባንያ ሊገዛው ነው፣ እማማ። እስክትፈርም ዝጋው አሉኝ። ለእሷ ብዬ ነው፤ ቤት ልሠራላት።»

የምሥራች ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። «ቤት ጠየቅሁህ?» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። አሁንም እንደምትወደው አየሁ፤ ያበገነኝም እሱ ነው።

«ፈርመሃል?» አልኩት።

«ሰኞ ነው የምፈርመው።»

«እንግዲያው ስማኝ። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለሰው ሁሉ ነው፤ እሷም የደከመችው እንደዚያው ብላ ነው። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ይጠብቁ። ኮምፒውተርህን አውጣና እዚሁ፣ እሷ እያየችህ፣ የዘጋኸውን ክፈት።»